በጋሽ አበጋዝ ግቢ የተሰበሰቡት

(በአንዲት የመኪና መንገድ ዳር ከተማ፣ ገና ጎህ እንደቀደደ፤ ስንዱ የቆርቆሮ በሯን ቀርቅራ ከውስጥ፣ ጎረቤቷ የሻረግ ከውጭ ቆመዋል፤ የሁለቱም ልጆች በአንድ ጭነት መኪና እህል ሊያመጡ ከወጡ በኋላ መንገዱም ስልኩም ተቋርጧል።)

የሻረግ፦ ክፈቺ አልኩሽ፣ ስንዱ! እንደ ሌባ ደጅሽ ላይ ቆሜ ልቅር?

ስንዱ፦ አልከፍትም። ብትገፊውም አይከፈትም፤ ሶፋውን አስጠግቼበታለሁ።

የሻረግ፦ ሶፋውን? ያን ሦስት ወንድ ተጋግዞ ያስገባውን?

ስንዱ፦ እሱን። ተመለሽ፣ እትዬ የሻረግ። ለምን እንደመጣሽ አውቄዋለሁ።

የሻረግ፦ ምኑን አወቅሽ? እኔ ራሴ መቼ አወቅሁት።

ስንዱ፦ አትሸንግዪኝ። ከተነሳሁ ጀምሮ በመስኮቴ ቀዳዳ እያየሁ ነው። ጋሽ አበጋዝ ግቢ ቄሱ ገቡ፣ የእድሩ ጸሐፊ ገባ፣ ባለሱቁ ሙዘይን ሳይቀር ገባ። ሙዘይን ሱቁን ሳይከፍት ወዴት ሄዶ ያውቃል?

የሻረግ፦ እሺ፣ ገቡ።

ስንዱ፦ የእድር ዳኛ ግቢ በዚህ ሰዓት ሰው የሚሰበሰበው ለምንድን ነው? ለመርዶ ነው። መጀመሪያ ከጎረቤት ይሰባሰባሉ፤ ማን እንደሚናገር ይማከራሉ፤ ከዚያ እናትየዋን አቅፎ የሚይዛት ሰው ቀድሞ ይገባል። በዚህ ሰፈር ያ ሰው ማን ነው? አንቺ ነሽ።

የሻረግ፦ ስንዱዬ…

ስንዱ፦ "ስንዱዬ" አትበዪኝ! ዘነበችን የልጇ መርዶ ዕለት "ዘነብዬ" እያልሽ ነው የያዝሻት። ቆሜ ሰምቼሻለሁ። ሴትዮዋ ወገቧ የተቆረጠው ገና ቁልምጫሽን ስትሰማ ነው፤ ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ።

የሻረግ፦ ታዲያ ምን ብዬ ልጥራሽ? "ወይዘሮ ስንዱ" ልበልሽ?

ስንዱ፦ በይኝ። እንደ ቀበሌ ስብሰባ ጥሪኝ። እሱ ይሻለኛል።

የሻረግ፦ ወይዘሮ ስንዱ፣ እባክዎ በሩን ይክፈቱልኝ።

ስንዱ፦ ልታስቂኝ አትሞክሪ። ዛሬ አልስቅም።

የሻረግ፦ ሳቂ መቼ አልኩሽ? ልግባ ነው ያልኩሽ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘልቋል።

ስንዱ፦ ካልገባሽ አትነግሪኝም። ካልነገርሽኝ ደግሞ ልጄ አለ። አሁን፣ ይኼን ስናወራ፣ ምንተስኖት የሆነ ቦታ መኪናው ስር ተኝቶ ቡሎን እያጠበቀ ነው። ፊቱ ዘይት በዘይት ሆኗል። የሚሞተው እኔ በሩን ስከፍት ነው።

የሻረግ፦ ያንቺ መክፈት ነው እንዴ የሚገድለው?

ስንዱ፦ አዎ።

የሻረግ፦ እንግዲያማ አገሩ ሁሉ በሩን ዘግቶ ይቀመጣ! ማንም አይሞትም ነበር።

ስንዱ፦ ቀልጂ።

የሻረግ፦ ደግሞስ ያንቺ ልጅ ስንት ጊዜ ሞቷል? ጥርስ ሲያወጣ ሞቶ ነበር። ኩፍኝ ሲይዘው ሞቶ ነበር። አስረኛ ክፍል ሳለ ከትምህርት ቤት የዘገየ ቀን ወንዝ ገባ ብለሽ ሰፈሩን በሙሉ ባትሪ አስይዘሽ አስወጣሽ። ልጁ ለካ ኳስ ሊያይ ጓደኛው ቤት ተጎልቷል።

ስንዱ፦ ያኔ ወንዙ ሞልቶ ነበር!

የሻረግ፦ እሱም የሰው ቤት ሽሮ በልቶ ሆዱ ሞልቶ ነበር።

ስንዱ፦ ሳቂብኝ፤ ለምጄዋለሁ። "ስንዱ ፈሪ ናት፣ ስንዱ ክፉ ታስባለች።" ይኸው ክፉው መጣ። አሁን ማን ነው ልክ?

የሻረግ፦ በዚህስ ልክ ባትሆኚ ይሻል ነበር።

ስንዱ፦ ትናንት አመሻሽ ላይ ስኳር ልገዛ ሙዘይን ሱቅ ብገባ ሰዎቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ሙዘይን ስኳሩን ሲሰጠኝ ፊቴን አላየኝም። ልወጣ ስል ግን አንዱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት፤ ልጆቹ ከሄዱበት አገር በእግሩ የመጣ ሰው ነው። "ከሁለቱ ልጆች አንዱ ተርፏል፤ ቆስሎ ጤና ጣቢያ ተኝቷል" አለ። ከሁለቱ አንዱ! ሌላኛውን ሊናገር ሲል አዩኝና አፉን አስያዙት።

የሻረግ፦ እኔም ሰምቻለሁ።

ስንዱ፦ ከማን?

የሻረግ፦ ከዚያው ሰው። ነዳጅ ማደያው ጋ አገኘሁት። መኪናቸው ላይ ተተኮሰበት አለኝ። እናት መሆኔን አላወቀም ነበር። ስጮህበት ደነገጠና "ሌላ መኪና ይሆናል፣ እማማ" ብሎኝ ሸሸ።

ስንዱ፦ ማን ነበር የሚነዳው?

የሻረግ፦ እንደሚፈራረቁ ታውቂያለሽ።

ስንዱ፦ አውቃለሁ። ግን ያኔ ማን ነበር የሚነዳው?

የሻረግ፦ ምን አውቄ ልንገርሽ፣ ስንዱ?

ስንዱ፦ ታውቂያለሽ። ነግረውሽ ነው የላኩሽ።

የሻረግ፦ ማንም አልላከኝም።

ስንዱ፦ ውሸት!

የሻረግ፦ የተላከ ሰው በጓሮ ሾልኮ ይመጣል? በዚህ ዕድሜዬ እንደ ዶሮ በሽቦ አጥርሽ ቀዳዳ ገብቼ ነው የመጣሁት። ቀሚሴ ተቀዷል። አንድ እግር ጫማዬ እዚያው ቀርቷል።

ስንዱ፦ በጓሮ? በጓሮ ለምን?

የሻረግ፦ በፊት ለፊት ስመጣ እንዳያዩኝ።

ስንዱ፦ ቢያዩሽስ?

የሻረግ፦ እንጃ።

ስንዱ፦ እትዬ የሻረግ፣ ለምንድን ነው እንዳያዩሽ የፈለግሽው?

የሻረግ፦ አልጠሩኝም፣ ስንዱ።

ስንዱ፦ ምን?

የሻረግ፦ አልጠሩኝም አልኩሽ። መርዶ ሲኖር ሁልጊዜ ጋሽ አበጋዝ ራሱ ይመጣና በሬን በከዘራው መታ መታ ያደርጋል። "የሻረግ፣ ተነሽ፣ ሥራ አለ" ይለኛል። እኔም ሳልጠይቅ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እከተለዋለሁ። ዛሬም ይመጣል ብዬ ለብሼ፣ በሬ ስር ቆሜ ጠበቅሁት። ለስንዱ ነው የሚጠራኝ፣ እንዴት አድርጌ እይዛታለሁ እያልኩ።

ስንዱ፦ መጣ?

የሻረግ፦ መጣ። ኮቴውን ሰማሁ። ከዘራው ጠጠሩ ላይ ቃ፣ ቃ ይላል። በሬ ጋ ሲደርስ ከዘራው ዝም አለ።

ስንዱ፦ ቆመ?

የሻረግ፦ አልቆመም። እግሩ ይሄዳል፤ ዝም ያለው ከዘራው ነው። ከመሬት አንስቶት ነዋ! እንዳልሰማው አንስቶ ይዞት በቀስታ አለፈ። በሬን ካለፈ በኋላ እንደገና ቃ አለ።

ስንዱ፦ ተመስገን።

የሻረግ፦ ሰማሁሽ።

ስንዱ፦ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም።

የሻረግ፦ በርሽ ቆርቆሮ ነው፣ ስንዱ። "ተመስገን" አልሽ።

ስንዱ፦ አላልኩም! … ብያለሁ። ወይኔ፣ ወይኔ ስንዱ! ከአፌ ነው ያመለጠኝ እንጂ ከልቤ አይደለም።

የሻረግ፦ ከልብሽ ነው። ተይው፣ አልተቀየምኩሽም። እኔስ ምን ያልኩ ይመስልሻል? የጋሽ አበጋዝ በር ሲንኳኳ የሰማሁ ጊዜ፣ ገና የከዘራው ነገር ሳይመጣ፣ "የስንዱ ይሁን" ብያለሁ።

ስንዱ፦ እንዲህ ብለሻል?

የሻረግ፦ በአፌ አላልኩትም። ውስጤ ግን አለው። ምንተስኖትን! አንቺ ወልደሽው ሆስፒታል በቀረሽ ጊዜ ከልጄ ከጌትነት ጋር ግራና ቀኝ ታቅፌ ያጠባሁትን! ጡቴን ነክሶ ያቆሰለኝን ልጅ "እሱ ይሁን" አልኩ።

ስንዱ፦ እኔ በአፌ ነው ያልኩት። ሥዕለ አድኅኖው ፊት ተንበርክኬ። "አንዱ ካልቀረ የኔን ተውልኝ፤ እሷ ሌላ ልጅ አላት" አልኩት። ስለ ብርቱካን ማለቴ ነው። እግዚአብሔር የማያውቅ ይመስል አስረዳሁት።

የሻረግ፦ ብርቱካንን ጠቀስሽለት?

ስንዱ፦ ጠቀስኩለት።

የሻረግ፦ አንቺ ልጅ! ጠበቃ መሆን ነበረብሽ።

ስንዱ፦ በዚህም ትስቂያለሽ?

የሻረግ፦ ይኼ የምትሰሚው ሳቅ አይደለም።

ስንዱ፦ እትዬ የሻረግ…

የሻረግ፦ ተይኝ ትንሽ። አሁን ይተወኛል።

ስንዱ፦ ስሚኝ፣ የማን እንደሆነ ገና አልታወቀም እኮ።

የሻረግ፦ ታውቋል። አልጠሩኝም አልኩሽ።

ስንዱ፦ ያልጠሩሽ እኔን ስለምትወጂኝ ቢሆንስ? ጋሽ አበጋዝ ያውቅሻል። ሚስጥር ፊትሽ ላይ አይቀመጥም። ከጠራሽ እየሮጥሽ መጥተሽ ሳያስቡት ትነግሪኛለሽ ብሎ ነው የዘለለሽ።

የሻረግ፦ ይሄም ሊሆን ይችላል።

ስንዱ፦ እውነቴን ነው! ያለዚያ ከዘራውን ለምን … ቆይ። እንዲህ ከሆነ የኔ ነው ማለት ነው። ወይኔ! እኔው በገዛ አፌ ወደ ራሴ መለስኩት!

የሻረግ፦ አየሽ? አንቺ ወደ እኔ ትገፊዋለሽ፣ እኔ ወደ አንቺ እገፋዋለሁ። አንድ ቃሬዛ ይዘን ከደጅ ደጅ እየዞርን ነው።

ስንዱ፦ አታውሪው፣ እባክሽ።

የሻረግ፦ ለዚህ እኮ ነው ቤቴ መቀመጥ ያቃተኝ። ሲመጡ ብቻዬን ልከፍትላቸው ነው? ያለኝ አንድ ወንድም እንደሆነ ተራራው ላይ፣ ገጠር ነው። ቤቴ ቢያጡኝ ወዴት እንደምሄድ ያውቃሉ፤ እዚሁ ይመጣሉ። ይምጡ። እስኪመጡ ድረስ ግን ካንቺ ጋር ልሁን።

ስንዱ፦ ከኔ ጋር? ከፈሪዋ?

የሻረግ፦ ከፈሪዋ። ዛሬ ጎበዝ ሰው ምን ያደርግልኛል?

ስንዱ፦ አንቺ ደግሞ ምን አጣሽ! እግዚአብሔር አለሽ አይደል? ሁልጊዜ "አለ፣ አለ" ትያለሽ። ዘነበችንም "እሱ አለ" እያልሽ ነው የያዝሻት። እስኪ አሁን የታለ? ይኸው በቀዳዳው እያየሁ ነው። ያለው የጋሽ አበጋዝ ውሻ ብቻ ነው።

የሻረግ፦ እኔም አላየሁትም።

ስንዱ፦ ታዲያ?

የሻረግ፦ ጌትነትን ስወልድ ትዝ ይልሻል? አንቺም ሆድሽ ገፍቶ ነበር።

ስንዱ፦ አሁን የምጥ ወሬ ነው የምታወሪኝ?

የሻረግ፦ ሌላ የማውቀው ነገር የለም፣ ምን ላድርግ? ሴቶቹ አባቱን ከቤት አስወጥተውታል። እኔ ጀርባዬን ጭቃው ግድግዳ ላይ አስደግፌ እጮሃለሁ። ሰውየው በውጭ በኩል፣ እዚያው ግድግዳ ላይ ጀርባውን አስደግፎ ተቀምጧል። አላየሁትም። አንድ ቃል አልተናገረም። ግን ግድግዳው ሞቀኝ።

ስንዱ፦ ጭቃ ግድግዳ ይሞቃል?

የሻረግ፦ አይሞቅም። እኔን ግን ሞቀኝ።

ስንዱ፦ ጠጅ ቤት ሄዶ ቢሆንስ?

የሻረግ፦ ለብርቱካን ጊዜ ሄዶ ነበር። ያኔ ግድግዳው በረደኝ። አውቄበታለሁ አልኩሽ እኮ!

ስንዱ፦ ምጡን ቀነሰልሽ ታዲያ?

የሻረግ፦ ምን ቀንሶ! ቆራርጦ ነው የጣለኝ። ግን ብቻዬን አላማጥኩም። ዛሬም እንዲያ ነው የሆንኩት። ልጸልይ ቆምኩ። "ልጄን አትርፍልኝ" ልል ስል የምንተስኖት ፊት ድቅን አለብኝ። የቱን ብለምን አንዱን መውጋት ሆነብኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ስንዱ፦ እኔ አልቀረሁም። ተናግሬ ጨረስኩት።

የሻረግ፦ እሱ በእናት አፍ ቂም አይይዝም፤ ተይ። እኔ ግን አልቻልኩም። መጨረሻ ላይ ምንም አልለመንኩትም። "ምንም አልጠይቅህም፤ ብቻ አትሂድብኝ" ብዬ መሬት ተቀመጥኩ።

ስንዱ፦ ምን አለሽ?

የሻረግ፦ ምን ይላል? ዝም አለ።

ስንዱ፦ ዝም ካለማ ምን ዋጋ አለው?

የሻረግ፦ የጌትነት አባትስ ምን ተናግሮ ነበር?

ስንዱ፦ ልጆቹን በሰላም ይመልሳል ማለትሽ ነው?

የሻረግ፦ አይደለም። አልዋሽሽም። ከሁለቱ ልጆቻችን አንዱ የለም፤ ይኼ ያለቀ ነገር ነው። እሱ ግን አለ።

ስንዱ፦ መኖሩ ብቻ አይበቃኝም። እኔ ልጄን ነው የምፈልገው።

የሻረግ፦ እኔንም አይበቃኝም። ያለኝ ግን እሱ ነው።

ስንዱ፦ አንቺስ ግድግዳሽ ሞቀሽ። እኔ ምንም አይሰማኝም። ቤቴ ባዶ ነው። የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ምንተስኖት ሁልጊዜ "ይኼ ፍሪጅ ሲያንኮራፋ አላስተኛኝም" ይላል። … ይላል ነው ያልኩት አይደል? ነበር አላልኩም?

የሻረግ፦ ይላል ነው ያልሽው።

ስንዱ፦ የሄዱ ዕለት ያስቀመጥኩለትን ቆሎ ረስቶት ሄደ። "ተመለስና ውሰድ" ልለው ብዬ፣ መንገደኛ ከተመለሰ ጥሩ አይደለም ብዬ ተውኩት። ብጠራው ኖሮ ይዘገዩ ነበር። ትንሽ ቢዘገዩ እኮ ተኩሱ ያልፋቸው ነበር።

የሻረግ፦ ወይም ቀድሞ ያላገኛቸው ተኩስ ያገኛቸው ነበር። በቆሎ ልጅሽን አትግደዪ።

ስንዱ፦ ርቧቸው ይሆን?

የሻረግ፦ ጌትነት ካለ አይርባቸውም። ድንጋይ መሀል ምግብ ፈልጎ ያመጣል፤ ሆዳም ነው።

ስንዱ፦ እውነትሽን ነው። ከልጅነቱም። እኔ ቤት መጥቶ ድስት ከፍቶ ሲያይ እኮ ነው የኖረው።

የሻረግ፦ ምንተስኖት ደግሞ ለራሱ ሳይበላ ለሰው ያድላል። ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ደህና ሰው ይወጣቸዋል እል ነበር።

ስንዱ፦ አታልቅሺ። ካለቀስሽ እኔም ልጀምር ነው።

የሻረግ፦ እግሬ ነው። አልቆም አለኝ፤ ደረጃሽ ላይ ልቀመጥ። ደሜ ሲሚንቶሽን አበላሸው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስንዱ፦ ደም? የምን ደም?

የሻረግ፦ ሽቦው ቧጠጠኝ። ትንሽ ነው።

ስንዱ፦ የትኛው ሽቦ? ያ የዛገው?

የሻረግ፦ ሌላ ሽቦ አለሽ እንዴ?

ስንዱ፦ በዛገ ሽቦ? በባዶ እግርሽ? እዚያ ዶሮዎቹ በሚውሉበት? ቴታነስ ይይዝሻል እኮ! ክትባት ወስደሻል?

የሻረግ፦ ጌትነትን ሳረግዝ ተወግቻለሁ።

ስንዱ፦ ልጁ መኪና የሚነዳ ሰው ሆኗል፣ እትዬ የሻረግ! ያ መርፌ እስካሁን ይሠራል? መንጋጋሽ ተቆልፎ ደጄ ላይ ልትሞቺብኝ ነው? እግርሽን መሬት አታስነኪ! ቆይ፣ ቆይ… ይኼ ሶፋ! ምን ነክቶት ነው የከበደው?

የሻረግ፦ በቀስታ፣ ወገብሽን።

ስንዱ፦ ወገቤን ተዪው! … ነይ፣ ግቢ። ትከሻዬን ያዢ። አምላኬ፣ እግርሽ በረዶ ሆኗል። ትንሽ ነው ነበር ያልሽው? ይኼ ትንሽ ነው?

የሻረግ፦ አንቺ ስታዪው ተለቀ።

ስንዱ፦ ተቀመጪ። ተረከዝሽን ሳፋው ውስጥ አድርጊ። ሳሙናው … እዚህ ነበር ሳሙናው። ያቃጥልሻል።

የሻረግ፦ ያቃጥል። እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ልጄ።

ስንዱ፦ ከትናንት ጀምሮ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪኝ።

የሻረግ፦ ጠይቂ።

ስንዱ፦ የኔ ከሆነ አንቺ ትይዢኛለሽ፤ ትችዪበታለሽ። ያንቺ ከሆነስ? እኔ ሰው መያዝ አላውቅም። የሰው ልቅሶ ቤት እንኳ ቀድሜ የምወድቀው እኔ ነኝ፤ ለዚህ እኮ ነው ለመርዶ ጠርተውኝ የማያውቁት። አብሬሽ ብወድቅስ?

የሻረግ፦ ትወድቂያለሽ። ብቻ አጠገቤ ውደቂ።

ስንዱ፦ ከዚያስ ማን ያነሳናል?

የሻረግ፦ እሱን እኔ አላውቅም። ዘነበችን ስይዝም አላውቅም ነበር። ክንዴ ዝሎ፣ ልለቃት ስል፣ ሌላ ክንድ ከሥር የገባ ይመስለኛል። ዘወር ብዬ ሳይ ማንም የለም። ለሰው አልተናገርኩም፤ አበደች እንዳይሉኝ።

ስንዱ፦ ለኔ ለምን ነገርሽኝ?

የሻረግ፦ አንቺ ከኔ በላይ ያበድሽ ነሽ ብዬ ነው።

ስንዱ፦ አሳቅሽኝ። በዚህ ቀን አሳቅሽኝ፣ ምን ዓይነት ሴት ነሽ! … እኔም ልለው? አንቺ ያልሽውን?

የሻረግ፦ በይው።

ስንዱ፦ እንዴት ነበር? "ምንም አልጠይቅህም…" እኔ ግን እጠይቀዋለሁ፣ አልዋሸውም። ሁለቱንም ነው የምፈልገው። ሁለቱንም መልስልኝ። ባይሆን … ባይሆን አትሂድብን። እዚሁ ሁን። ቤቱ ትንሽ ናት፣ ግን ሁን።

የሻረግ፦ አሜን።

ስንዱ፦ ምንም አልተሰማኝም።

የሻረግ፦ እሺ።

ስንዱ፦ መንቀጥቀጡ ግን ትንሽ ቀነሰ መሰለኝ። ወይስ ውኃው ሞቅ ስላለ ነው?

የሻረግ፦ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ስንዱዬ።

ስንዱ፦ ስሚ! የውጭው በር!

የሻረግ፦ ሰምቻለሁ።

ስንዱ፦ መጡ። እኔ ግቢ ነው የገቡት። የኔ ነው! እትዬ የሻረግ፣ የኔ ነው! ልጄን! ምንተ… ያዢኝ!

የሻረግ፦ ይዤሻለሁ። ይዤሻለሁ፣ አይዞሽ፤ ወደ እኔ ተደገፊ። ገና ምንም አላሉም።

ስንዱ፦ እኔ ቤት መጡ እኮ! የኔ ባይሆን እኔ ቤት ለምን ይመጣሉ?

የሻረግ፦ እንጃ። እኔ እግሬ ሳፋው ውስጥ ነው። አንቺ በበሩ ስንጥቅ እዪልኝ፤ ማን ማን አለ?

ስንዱ፦ አልችልም።

የሻረግ፦ ትችያለሽ። እጄን ይዘሽ እዪ።

ስንዱ፦ ጋሽ አበጋዝ ነው ከፊት። ቄሱ። ሙዘይን አለ፣ ቆቡን በእጁ ይዞታል። ወደ በሩ አይመጡም፤ ግቢው መሀል ቆመዋል። አንድ የማላውቀውን ሰው አስቀድመው እያሳለፉ ነው።

የሻረግ፦ ምን ዓይነት ሰው?

ስንዱ፦ የገጠር ሰው ነው። ረጅም፣ ሸበቶ። ጋቢው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ማነው እሱ? ዱላ ይዞ በአንድ እግሩ ያነክሳል።

የሻረግ፦ በየትኛው?

ስንዱ፦ በግራው … አይ፣ በቀኙ ነው። በቀኝ እግሩ። ምነው? ምነው እጄን እንዲህ ጨመቅሽኝ?

የሻረግ፦ ወንድሜ ነው። ስንዱዬ፣ ወንድሜ ለጎረቤት ልጅ ብሎ በዚያ እግሩ ያን ሁሉ ቁልቁለት አይወርድም።